ከ«ለ» በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለ ገና ግዢ አንድ ነገር ጀምሬ «ይቆየን» ብዬ እንደተውሁት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም «ዋዜማው ደግሞ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። «ዋዜማው» እኔ ነኝ፤ የገናን ዕቃ ሁልጊዜ በዋዜማው ስለምገዛ ይህን ስም ያወጣችልኝ እህቴ መሆኗን ስለምታውቁ ወደዚያ አልመለስም። ዛሬ ግን ስሙን ሳነበው እንደ ወትሮው አላሳቀኝም። ለምን እንዳላሳቀኝ አጥርቼ ባላውቅም፣ ምናልባት ስናገረው ይገለጥልኝ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው ብቻዬን የተቀመጥሁት።

ያለፈው ገና ዋዜማ ነበር። የሱቁ የብረት መዝጊያ እስከ ወገብ ወርዷል፤ ውስጡ ግን መብራት አለ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ግባ ያለኝም፣ ተዘግቷል ያለኝም ሰው አልነበረም። በእጄ ከያዝሁት ዝርዝር ላይ የሦስት ሰዎች ስም አልተሰረዘም፤ መደርደሪያዎቹም ዋዜማ ላይ እንደሚሆኑት ሆነዋል፤ ጥሩ ጥሩው ተነሥቶ፣ ማንም ያልወደደው ቀለምና ለማንም ያልሆነው ልክ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ መካከል አንድ ግራጫ ሻርፕ አነሣሁ። ለምን ግራጫ ብትሉኝ፣ ግራጫ የሚያስደስተው ሰው ባይኖር እንኳ የሚያስቀይመው ሰው የለም ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

ሒሳብ ስከፍል ልጅቱ «ይጠቀለል?» አለችኝ፤ አዎ አልሁ። አመልካች ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያጥፍ የዋለ ጣት በወረቀቱ ጠርዝ ሊቆረጥ እንደሚችል ያሰብሁት በኋላ ነው። ሻርፑን በወረቀቱ መሐል አኖረችው፤ ግራና ቀኙን አገናኝታ በስኮች ያዘችው፤ ሁለቱን ጫፎች እንደ ፖስታ ሦስት ማዕዘን አድርጋ አጠፈቻቸው፤ ሪባኑንም በመቀስ ስለት ይዛ ሳብ ስታደርገው እንደ ጠጉር ተጠቀለለ። ይህን ሁሉ ስትሠራ እጇን አታይም ነበር። ከዚያም ስም የሚጻፍባትን ትንሽ ካርድ አንሥታ «ለ» ብላ ጻፈች፤ ብዕሩን ከካርዱ ሳታነሣ ቀና ብላም «ለማን ልበልልዎ?» አለችኝ።

ዝም አልሁ።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የምመለስባት ቅጽበት ይህች ናት። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ካልተሰረዙት ከሦስቱ ስሞች አንዱን ብጠራ ኖሮ ትጽፈውና ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እኔ ግን ሻርፑን ያነሣሁት ከሦስቱ ለማንኛቸውም አልነበረም። ዕቃዎቹን ቆጥሬ፣ ሰዎቹን ቆጥሬ፣ አንድ ዕቃ ስለጎደለኝ ነበር ያነሣሁት። ብዕሩ «ለ» ላይ ቆሞ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ትንሽ ሲሰርግ አየሁት። በመጨረሻ «እንዲሁ ይሁን» አልኋት። እሷም «እሺ» ብላ ካርዱን እንደነበረ፣ «ለ» ብቻ እንደተጻፈበት፣ በሪባኑ አንጠለጠለችው። አልሳቀችብኝም፤ አልተገረመችምም። ምናልባት በዚያ ምሽት እንዲህ ያልናት ብዙዎች ሳንሆን አንቀርም፤ ይህ ይበልጥ ያጽናናኝ ወይስ ይበልጥ ያሳፍረኝ እስካሁን አልወሰንሁም።

እህቴን ታውቋታላችሁ፤ ገናን በነሐሴ የምትጨርሰው እህቴ። አረንጓዴው ደብተሯ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ባለፉት ዓመታት ምን እንደተሰጠው፣ የጫማና የልብስ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ አንዳንዱም ላይ «አልወደደውም፣ ግን አመስግኗል» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። እኔ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ «ተዘጋጀህ ወይ?» ባለችኝ ቁጥር «ገና ገና ነው» እላታለሁ። ይህን ቀልድ ሰምታችሁ እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቋንቋችን በዓሉንና «አልደረሰም» የሚለውን ቃል በአንድ ስም መጥራቱ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ታላቅ ውለታ ነው። የባሰ ሲመጣም ዲሴምበር 25 ቢያመልጠኝ ጃንዋሪ 7 አለ፣ በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያሉት 13 ቀናትም ለእኔ የተሰጡ የእፎይታ ቀናት ናቸው እያልሁ ስከራከር ኖሬአለሁ።

እህቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ የተናገረችው ነገር አለ። «አንተ ዕቃ ትፈልጋለህ፤ እኔ ሰዎቹን ዓመቱን ሙሉ ስለማስባቸው ዕቃው ራሱ መንገድ ላይ ያገኘኛል» አለችኝ። ያን ጊዜ ጉራ መስሎኝ ነበር። ከሻርፑ በኋላ ግን ትክክል ናት ብዬ ለማመን ተቃርቤ ሳለ፣ ባለፈው የጸደይ ወር ከመሳቢያዋ መቀስ ላወጣ ስከፍተው አራት የተጠቀለሉ ስጦታዎች አገኘሁ፤ ካርዳቸው ባዶ ነበር። «የማን ናቸው?» ብላት «ድንገት ለሚመጣ ሰው» አለችኝ፤ ሳታፍር፣ በሚገባ ታስቦበት እንደተሠራ ሥራ አድርጋ። እኔ ግን ከዚያ መሳቢያ ፊት ቆሜ፣ እሷ በነሐሴ እኔም በዋዜማው ስም የሌለው ዕቃ ከገዛን ልዩነታችን ምንድን ነው ብዬ ተደሰትሁ። ደስታው አንድ ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ምክንያቱም የእሷን አራት ስጦታዎች ሲጠቀልል የቆየ፣ ከሥራ ሰዓቱ ያለፈበት ሰው የለም፤ ራሷ ናት የጠቀለለቻቸው።

ይህ ነገር ነው ወደ ንባብ የመራኝ። «የገና ዕቃችሁን ቀደም ብላችሁ ግዙ» የሚለው ምክር የነጋዴዎች ብልሃት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ማስታወቂያውን ሲያወርዱብን ሌላ ምን ልንገምት እንችላለን? ነገር ግን በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ይህን ምክር አጥብቀው ካስተጋቡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1899 የተቋቋመው ብሔራዊ የሸማቾች ሊግና መሪው ፍሎረንስ ኬሊ ይገኙበታል፤ የእነርሱ ጭንቀትም የሱቅ ሠራተኞች፣ በተለይም ሴቶችና ሕፃናት፣ በበዓሉ ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት መቆማቸው ነበር። ሸማቹ ግዢውን ወደ ዋዜማው ካላጠራቀመ ሱቁ በሰዓቱ ይዘጋል፣ ዕቃ የሚያደርሰውም ልጅ በሰዓቱ ይተኛል ነው ነገሩ። ይህን ሳነብ የፊቴ ሙቀት ተሰማኝ። እኔ ለዓመታት መዘግየቴን የራሴ ጠባይ፣ ቢበዛም የእህቴና የእኔ ጨዋታ አድርጌ ነበር የቆጠርሁት፤ ከጠረጴዛው ማዶ የቆመ ሰው የሚከፍልበት ነገር እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላሰብሁትም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ በኒውዮርክ ጥቅም የሌለውን ስጦታ የሚከላከል ማኅበር ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ መካከል ኤሊኖር ቤልሞንትና አን ሞርጋን ነበሩ። መነሻው ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ የሱቅ ሠራተኛ ሴቶች ከትንሿ ደመወዛቸው እያዋጡ ለአለቆቻቸው የገና ስጦታ እንዲገዙ ይገደዱ ስለነበር ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀር አባል ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ስለ ግራጫው ሻርፕ ማኅበሩ ምን ይል ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

የነጋዴዎቹም ወገን ቢሆን ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ኖቬምበር 30 ላይ ይውል ነበርና፣ የገና ግዢ ከዚያ በዓል በኋላ ስለሚጀምር ወቅቱ አጠረብን ብለው አመለከቱ፤ የጊዜው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀድሞ ወደ ኖቬምበር 23 አመጣው። ከክፍለ ግዛቶቹ ገሚሶቹ ሲከተሉት ሌሎቹ በቀድሞው ቀን ጸኑ፤ አገሩ በሁለት የምስጋና ቀን ተከፈለ። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1941 የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በሕግ ሲወሰን ነው። የገበያ ሳምንት ለመጨመር በዓል መንቀሳቀሱን ሳነብ ስቄአለሁ፤ ቢሆንም እኔም 13ቱን ቀናት ይዤ የማደርገው ይህንኑ አይደል? አንዱ ወገን «ቀደም ብላችሁ ግዙ» ያለው ሰው እንዲያርፍ፣ ሌላው ወገን ይህንኑ ያለው ብዙ እንዲሸጥ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ምክሩን ስሰማ ከየትኛው አፍ እንደወጣ ማወቅ ተስኖኛል።

ጆኤል ዋልድፎገል የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ስጦታ ለተቀባዩ የሚኖረው ዋጋ ሰጪው ካወጣው ገንዘብ ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ እንደሚያንስ ገምቷል። የፍቅር ዋጋውን ትታችሁ ገምቱ ብሎ ነው የጠየቃቸው። ጥናቱ የሚያናድዳቸው ሰዎች አሉ፤ እኔን ግን አላናደደኝም፤ የእኔ ሻርፕ ያንን ቢተዉለትም ባይተዉለትም ያው ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ ከመጨነቅ በስልኬ ብገዛ እንደሚሻል ትነግሩኛላችሁ፤ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሌሊት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሁሉንም አዝዤ ማንንም አላስቆምሁም ብዬ ተኝቼ ነበር። ዕቃው የመጣው በዋዜማው ምሽት ነው፤ ያመጣው ልጅ ሳጥኑን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ፣ ደወሉን ደውሎ፣ በሩን ሳልከፍት ደረጃውን እየሮጠ ሲወርድ ድምፁን ሰማሁ። ያም አንዱ ነበር እንግዲህ፤ ፊቱን ያላየሁት።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። አንድ ነገር አለ፣ እስካሁን ያልነገርኋችሁ፣ ምክንያቱም እውነት መሆኑን ስለማላውቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያችን ምሽት ሳስታውሳት በጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ መቀስና ስኮች ብቻ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ስልክም ይታየኝ ጀመር። ድምፁ ተዘግቶ ይበራል፤ በላዩም «እማዬ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሷ ሪባኑን ሳትለቅ በክርኗ ገፋ አድርጋ ትደፋዋለች። ይህን በእርግጥ አይቼዋለሁ ወይስ ንባቤ ነው ስልኩን እዚያ ያስቀመጠው? ያየሁት ከሆነ፣ ዝም ብዬ የቆምሁባቸው ሰከንዶች ሁሉ ከአንዲት እናት ላይ የተወሰዱ ናቸው። ያላየሁት ከሆነ ደግሞ… ያላየሁት ከሆነም የምትጠብቃት ሰው አልነበረችም ማለት አይደለም።

ሻርፑ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ከነሪባኑ። ለሦስቱም ሰዎች በበዓሉ ማግስት ሌላ ሌላ ነገር ገዛሁላቸው፤ ሻርፑን ለማንም መስጠት አልቻልሁም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ስም ልጽፍበት ካርዱን አውጥቼ የእሷን የእጅ ጽሑፍ አይቼ መልሼዋለሁ። ዘንድሮ ዝርዝሬን ቀደም ብዬ ጀምሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ጀምሬአለሁ ማለት ወረቀቱን ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ባለፈው ሰንበት ሁሉንም ለእህቴ ነገርኋት፤ ስልኩንም ጭምር። ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «አንተ ባትገባም ሱቁ የሚዘጋው በራሱ ሰዓት ነው፤ ልጅቱን ያስቆማት አሠሪዋ እንጂ አንተ አይደለህም» አለችኝ። ይህን መስማት ነበር የፈለግሁት፤ ቀለል አለኝ፤ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን፤ ደብተሯን አምጥታ የዘንድሮውን ማሳየት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ግን ገጹን እየገለጠች ቀና ሳትል፣

«መዝጊያው ግን ወርዶ ነበር አላልኸኝም?» አለች።

ወርዶ ነበር አልኋት። እስከ ወገቤ ድረስ።