ትምህርት ቤቱ ያልጠበቃቸው ጎልማሶች

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ፖድካስት አድማጮች። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው የቆየሁትን ጉዳይ ብቻዬን ላወራችሁ ነው፤ ጉዳዩም አካል ጉዳት ባለባቸውና በሌለባቸው አዋቂ ሰዎች መካከል ያለው የትምህርት ደረጃ ልዩነት ነው። ስለ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳን አርባን የተሻገረው፣ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡት ወይም ጀምረው ያቋረጡት ግን ከንግግሩም ከዕቅዱም ተዘልለዋል። እኔ እዚህ ሐዋሳ ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ ጎልማሶችን ስለማስተምር፣ የምናገረው ከዚያ ክፍል ከማየው ተነሥቼ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እናንሣ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ውስጥ ከ51 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይገኛል። በዚያ መረጃ መሠረት አካል ጉዳት ከሌለባቸው ወንዶች መካከል 61.3 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ሲሆን፣ አካል ጉዳት ካለባቸው ወንዶች ግን ያጠናቀቁት 50.6 በመቶ ናቸው። በሴቶች በኩል ቁጥሩ 52.9 በመቶና 41.7 በመቶ ነው። አካል ጉዳት ያለባትን ሴት አካል ጉዳት ከሌለበት ወንድ ጋር ብታስተያዩ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 20 በመቶ ነጥብ እንደሚጠጋ ትገነዘባላችሁ። ሴትነትና አካል ጉዳት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚያስከትሉት ጉዳት እኔን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል።

ይህ የድሃ አገሮች ጣጣ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ የብሪታንያን መረጃ ይመልከት። በዚያ አገር ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሕግ ካስገደደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ይፋዊ አኀዝ መሠረት ከ21 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካላቸው አካል ጉዳተኞች ዲግሪ ወይም አቻ ማስረጃ የያዙት 24.9 በመቶ ሲሆኑ፣ አካል ጉዳት ከሌለባቸው ግን 42.7 በመቶ ናቸው። ምንም ዓይነት የትምህርት ማስረጃ የሌላቸው ደግሞ 13.3 በመቶና 4.6 በመቶ ናቸው። ሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት በሚገባበት አገር ልዩነቱ አይጠፋም፤ ከታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ላይኛው እርከን ይሸጋገራል እንጂ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። የአዋቂዎችን ቁጥር ስናነብ አካል ጉዳቱ የቀደመው ከትምህርቱ ነው ወይስ ትምህርቱን ያጣው ሰው ነው በኋላ ለአካል ጉዳት የተጋለጠው ብለን መጠየቅ አለብን። ሁለቱም ይሆናል። አገራችን በዓለም ከፍተኛውን የትራኮማ ጫና ከተሸከሙ አገሮች መካከል ናት፤ ትራኮማ ደግሞ ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት፣ የጤና አገልግሎት በራቀበትና ትምህርት ባልዳረሰበት አካባቢ የሚጸና፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ፣ የዐይን ብርሃንንም ቀስ በቀስ የሚነፍግ በሽታ ነው። በልጅነቷ ከትምህርት የቀረች፣ ወንድሞቿን እኅቶቿን ስታሳድግ በሽታው ተጋብቶባት በአርባ ዓመቷ ማየት የተሳናት ሴት፣ በመረጃው ውስጥ “ያልተማረች አካል ጉዳተኛ” ተብላ ትመዘገባለች፤ ነገር ግን ያላስተማራት ዐይነ ስውርነቷ አልነበረም። ዕድሜም እንዲሁ ያደናግራል፤ አረጋውያን አካል ጉዳት ይበዛባቸዋል፣ የእነርሱ ትውልድ ደግሞ የመማር ዕድሉ ጠባብ ነበር። ይህን ሁሉ ከግምት ካስገባን በኋላ ግን የሚቀር እውነት አለ፤ አካል ጉዳቱ በልጅነቱ ያጋጠመውን ሰው ከትምህርት ያስቀረው በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ የተሠራበት መንገድ ነው። እኔ የምናገረው ስለዚህ ሰው ነው።

እነዚህ ሰዎች ስንት ናቸው? በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገራችንን አካል ጉዳተኞች ከጠቅላላው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ ነበር ያስቀመጣቸው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ2011ዱ ሪፖርት በበኩሉ የዓለምን አማካይ 15 በመቶ አካባቢ ይገምታል። ይህን የሚያህል ልዩነት ሊፈጠር የሚችልበት አንዱ ምክንያት የአጠያየቁ መንገድ ነው። አንድ ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ “ቤታችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ቤተሰቡ በእፍረት ወይም ነገሩን ከቁም ነገር ባለመቁጠር “የለም” ሊል ይችላል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ ዋሽንግተን ግሩፕ የተባለው የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ዓለም አቀፍ ቡድን ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ ግን “አካል ጉዳተኛ” የሚለውን ስም ሳያነሣ ስድስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ፣ ከሰው ጋር መግባባት። መልሱም “ምንም አልቸገርም” ከሚለው ጀምሮ “ፈጽሞ አልችልም” እስከሚለው በአራት ደረጃ የተከፈለ ነው። በማታ ትምህርት የምዝገባ ቅጻችን ላይ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ የለም። በዚህም ምክንያት ማን እንደመጣ እናውቃለን፣ ማን እንዳልመጣና ለምን እንዳልመጣ ግን የሚነግረን ወረቀት የለንም።

ወደ አካባቢያችን ልመለስ። ከሐዋሳ ብዙም በማትርቀው ሻሸመኔ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የተማረችው እዚያ ነው። ወሎ ውስጥ ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ የዐይን ብርሃኗን አጥታ፣ ወደ ሻሸመኔ ተልካ ከተማረች በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሕግ አጥንታለች። የእርሷ ታሪክ ሲነገር ብዙዎቻችን የምናደንቀው ጽናቷን ነው፤ በእርግጥም የሚደነቅ ጽናት ነው። እኔ ግን አብሮ መነገር ያለበት ሌላ ነገር ይታየኛል። ያቺ ሕፃን በተወለደችበት አካባቢ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ፣ ብሬይልን፣ የሚያስተምራት ስላልነበረ ለመማር አገር አቋርጣ፣ ከእናቷ ተለይታ አዳሪ መሆን ነበረባት። ስንቱ ወላጅ ነው ሕፃን ልጁን፣ ያውም ማየት የተሳናትን፣ ለማያውቀው ከተማ አሳልፎ የሚሰጥ? የሚሰጥስ ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱ ስንቱን ይችላል? ያልተላኩት እኩዮቿ ዛሬ በእርሷ ዕድሜ ያሉ አዋቂዎች ናቸው።

የማታው ክፍላችን ውስጥ በክራንች የምትሄድ አንዲት ሴት አለች። በልጅነቷ ፖሊዮ አግኝቷት ነበር። በከተማው ውስጥ እንደልቧ ትንቀሳቀሳለች፤ ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች፣ ዋና ዋና መንገዶቿም ሰፊ ስለሆኑ፣ ባጃጁም በየደጁ ስለሚገኝ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ መድረስ አይከብዳትም። የሚከብዳት ግቢው ውስጥ ከገባች በኋላ ያለው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት የሚሰጠው ፎቅ ላይ ነበር። ክራንቹን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ጨብጣ፣ አንድ እርከን ወጥታ ትንፋሿን እየሰበሰበች ስትወጣ ያየኋት ጊዜ፣ ከኋላዋ የሚመጡት ተማሪዎች እንዳያጣድፏት ብለው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ክፍል ስትገባ ላብ አጥምቋታል፤ ደብተሯን ስትከፍት እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስለ ክፍልፋይ ሳስተምር እርሷ ገና ከደረጃው ድካም አልወጣችም። ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር ርእሰ መምህራችንን ስንጠይቃቸው ተስማሙ፤ የሚያስፈልገውም ሁለት ክፍሎችን ማቀያየር ብቻ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ፕሮጀክትም አላስፈለገውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ የሆኑ ሕንፃዎች በዊልቼር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ሕጉ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፣ የእርሷን ደረጃ ያስቀረላት የክፍል ድልድል ለውጥ ነው።

ሌላው ተማሪያችን ዐይነ ስውር ነው፤ ዕድሜውም ከእኔ ይበልጣል። ማስታወሻ የሚይዘው ስሌት በተባለ የብሬይል መጻፊያና ስታይለስ በተባለ ሹል መውጊያ ነው። ስሌት ማለት በማጠፊያ የተያያዘ፣ ወፍራም ወረቀት በመካከሉ የሚጨበጥበት፣ ላዩ በትናንሽ መስኮቶች የተሞላ ሰሌዳ ነው። በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ እስከ ስድስት ነጥብ ድረስ በስታይለሱ ጫፍ ይወጋል፤ ነጥቡ የሚወጣው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ ሲጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ፊደላችን በብሬይል ሲጻፍ ደግሞ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚነጠቡ፣ እኛ በአንድ ፊደል የምንገላገለውን እርሱ ብዙውን ጊዜ በሁለት መስኮት ይጽፈዋል። እኔ ሰሌዳው ላይ አንድ አንቀጽ ጽፌ ስጨርስ እርሱ ገና አጋማሹ ላይ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ወጣት “ጋሼ፣ ያመለጠዎትን ላንብብልዎት?” ይለዋል፤ እርሱም ሁልጊዜ እሺ ይላል። መልካም ልጅ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ትምህርት በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው በጎነት ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። ልጁ የቀረ ዕለት ጋሼም የሚማረው ግማሹን ነው።

ለእርሱ የሚሆን መጽሐፍ ከየት ይመጣል? አንድ ተራ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬይል ሲዘጋጅ በርካታ ጥራዞች ይወጣዋል፤ ወረቀቱም ማተሚያውም ውድ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነትን አጽድቃለች። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመ ስምምነት፣ የታተሙ ጽሑፎችን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆኑ ቅጂዎች የቅጂ መብት ባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠበቅ እንዲዘጋጁና ከአገር አገር እንዲተላለፉ ይፈቅዳል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፈቃዱ መጽሐፍ አይሆንም፤ የሚያዘጋጅ ተቋም፣ የሚያነብና የሚቀዳ ሰው፣ ቅጂውን እስከ ማታው ክፍል የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን መስማት ለተሳናቸው ጎልማሶች ነው፤ ምክንያቱም በእኔ ክፍል ውስጥ አንድም የለም። ከተማዋ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይም፣ በየእንጨት ሥራ ቤቱም አያቸዋለሁ። ሆሳዕና ከተማ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸውን የምታስተምርበት የታወቀ ትምህርት ቤት አላት፤ እዚያ የገባ ልጅ ከትምህርቱ ጋር የምልክት ቋንቋም ያገኛል። ያልገባ ልጅ ግን በቤተሰቡ መካከል ከጥቂት የቤት ውስጥ ምልክቶች በቀር ምሉዕ ቋንቋ ሳያገኝ ሊያድግ ይችላል። እንዲህ ላደገ አዋቂ ሰው የጎልማሶች ትምህርት ሀ ብሎ የሚጀምረው ከፊደል ነው፤ እርሱ ግን ከፊደል በፊት ቋንቋ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ከንፈሬን ሲመለከት እንዲያመሽ ልጋብዘው አልችልም።

ይህ ሁሉ ሥራ ፍለጋው ላይ ይጠራቀማል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገሉ ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። መልካም ሕግ ነው። ይሁን እንጂ የሚጠብቀው ለሥራው የሚጠየቀውን ችሎታ ይዞ የቀረበውን ሰው ነው። ማስታወቂያው “አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ” ወይም “ዲፕሎማ ያለው” ሲል፣ የክራንቹ ጉዳይ ሳይነሣ፣ ማንም አድልዎ ፈጸመ ሳይባል፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ሰው ከወዲሁ ወድቋል። ስለዚህ የጎልማሶችን ትምህርት የበጎ አድራጎት ሥራ አድርገን ማየት የለብንም፤ ያ አዋጅ ለእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ የሚውልበት ብቸኛው በር እርሱ ነው። በአንዳንድ ስብሰባ ላይ “ለልጆቹ እንኳ አልበቃንም፣ ለአዋቂዎቹ እንዴት እንሆናለን?” የሚል ቃል ሲነገር እሰማለሁ። ይህን አባባል አልቀበለውም። የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ባለክራንቿ ተማሪያችን አሁን ማታ የልጆቿን የቤት ሥራ አብራ ትሠራለች፤ ለእርሷ የተደረገው ለልጆቹም ተደርጓል።

ለመጪው መስከረም ምዝገባ ሁለት ነገር ጠይቀናል። አንደኛው፣ ስድስቱ ጥያቄዎች በምዝገባ ቅጹ ላይ እንዲታከሉ ነው፤ ይህ ተፈቅዷል፣ ቅጹንም እኛው መምህራን እያዘጋጀን ነው። ሁለተኛው፣ በሳምንት ሁለት ምሽት እንኳ ቢሆን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብልን ነው፤ ለዚህኛው እስካሁን መልስ አልተሰጠንም። ሐዋሳ ውስጥ የምትኖሩ፣ የምልክት ቋንቋ የምትችሉና ምሽታችሁን ልትሰጡን የምትፈልጉ ካላችሁ መልእክት ላኩልኝ። መስማት የተሳነው ወንድም ወይም እኅት ያላችሁም ጻፉልኝ፤ ክፍሉ እስኪከፈት ድረስ ስም ዝርዝሩን እየያዝኩ እቆያለሁ። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።