ኃይሉ የት ይሄዳል? በቤት ለሚሠራ የውድድር መኪና ሮል ኬጅ ስለመሥራትና ስለመግጠም የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን መኪናችንን በገዛ እጃችን የምንሠራ ሰዎች ነን። ስለ ሞተር ማውራት ብንጀምር ሌሊቱም አይበቃንም። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ሮል ኬጅ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ ሰውን እንዲጠብቅ በውስጡ ስለሚገጠመው የብረት ቱቦ ፍሬም። ሞተሩ ቢከሽፍ ከውድድሩ ትወጣላችሁ፣ ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ። ኬጁ ከከሸፈ ግን መመለስ ላይኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በሞንቴ ካርሎ ራሊ ላይ የራሊ ሹፌሩ ኦት ታናክና ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን የሚነግረው ረዳቱ ማርቲን ያርቬዮያ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ከመንገድ ወጡ። መኪናው እየተገለባበጠ ቁልቁለቱን ወረደ። ሁለቱም ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው ወጡ። ያዳናቸው ኬጁ ብቻ አይደለም። ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ የአንገት መከላከያው ሁሉ አብሮ ሠርቷል። ነገር ግን የተቀመጡበት ቦታ ተጨፍልቆ ቢሆን ኖሮ ወንበሩም ቀበቶውም ምንም ባልፈየዱ ነበር። የኬጅ ሥራ ይኼው ነው፤ ሰው የተቀመጠበትን ቦታ አለማስነካት።

እኔ ኬጅ ስሠራ ከእያንዳንዱ ቱቦ ፊት ቆሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እዚህ ጋ ሲመታ ኃይሉ የት ይሄዳል? መልሱን በጣቴ እየተከተልኩ ወለሉ ድረስ መድረስ ካልቻልኩ፣ ያ ቱቦ ለጌጥ የገባ ነው ማለት ነው።

ሥራው በቱቦ አይጀምርም። በሹፌሩ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ወንበሩን በትክክለኛው ቦታ እሰሩት። ሹፌሩ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ መሪውን ይዞ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ነው ቱቦው የት እንደሚያልፍ የሚታየው። ብዙ ሰው ኬጁን ጨርሶ ወንበሩን በመጨረሻ ያስገባል። ያኔ ሄልሜቱ ከብረቱ በሁለት ጣት ርቀት ላይ ሆኖ ይገኛል። በግጭት ጊዜ ቀበቶ ቢጠብቅም ሰውነት እንደሚሳብ፣ አንገትም እንደሚወናጨፍ አትርሱ።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ከመግዛታችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ደንብ አንብቡ፤ ከደንብ ደንብ ይለያያል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም የኤፍ አይ ኤ ደንብ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ለሚቆመው ዋና ቅስት 45 በ2.5 ሚሊ ሜትር ወይም 50 በ2 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የቱቦው ዲያሜትር፣ ሁለተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው። ለሌሎቹ 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይበቃል። ብረቱ ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የካርቦን ብረት መሆን አለበት። ጥንካሬው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ350 ኒውተን ማነስ የለበትም። የውሃ ቧንቧ ይሆናል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አይሆንም። የተሠራው ውሃ ሊያሳልፍ እንጂ ምት ሊሸከም አይደለም። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ማጠፍ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቱቦው በቀዝቃዛው ነው የሚታጠፈው፣ ለቱቦ በተሠራ ማጠፊያ። አሸዋ ሞልቶ በእሳት እያሞቁ ማጠፍ የቆየ ዘዴ ነው፤ ለበር ማስጌጫ ይሆናል። ለኬጅ ግን አይሆንም። በቀዝቃዛ ሲሳብ ያገኘውን ጥንካሬ እሳቱ ይወስድበታል። የመታጠፊያው ሬዲየስ ቢያንስ የቱቦው ዲያሜትር ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለ45 ሚሊ ሜትር ቱቦ 135 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ታጥፎ ክቡ ከተጨፈለቀ በካሊፐር ለኩት። ጠባቡ ለሰፊው ሲካፈል ከ0.9 ካነሰ ያንን ቱቦ ጣሉት። ያማል፣ ብረት ውድ ነው። ግን ጣሉት። ዋናው ቅስት ከአንድ ወጥ ቱቦ ይሠራ፤ መሀል ላይ ቅጥያ አይገባም።

ቅስቶቹ ከቆሙ በኋላ ጥያቄው ይመለሳል። መኪናው በአንድ ጥግ ላይ ሲያርፍ ኃይሉ የት ይሄዳል? አራት ማዕዘን ፍሬም ጥጉን ሲገፉት ይዘማል። ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ ቱቦ ሲገባበት ሦስት ማዕዘን ይሆንና አይዘምም። ስለዚህ ዋናው ቅስት ውስጥ ሰያፍ ቱቦ ይግባ። ከዋናው ቅስት ወደ ኋላ የሚወርዱት ድጋፎች ቀጥ ያሉ ይሁኑ፣ ከጣሪያው አጠገብ ይነሱ። ቱቦዎች ሲገናኙ ደግሞ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ይገናኙ። አንዱ ቱቦ የሌላውን መሀል ከገፋ ያጎብጠዋል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልትሰሙኝ የምፈልገው ቦታ ላይ ደረስን፤ እግሩ ላይ፣ ማለትም ቱቦው ከወለሉ ጋር በሚያያዝበት ቦታ። የመኪና ወለል ቀጭን ላሜራ ነው። ቱቦ እንዲሁ ብትተክሉበት እንደ ችካል ነው፤ ከላይ ሲመታ ላሜራውን በስቶ ይገባል። ያኔ ከላይ ያለው ቆንጆ ብየዳ ሁሉ ዋጋ የለውም። ኤፍ አይ ኤ ለዋናው ቅስት እግር ከቦዲው ጋር የሚያያዝ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጠናከሪያ ብረት ይጠይቃል። በቡሎን የሚታሰር ከሆነ ለአንድ እግር ቢያንስ ሦስት ቡሎን፣ ኤም 8 (ዲያሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር)፣ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 የሆነ። እኔ ብረቱን ወለሉ ላይ ብቻ አላስቀምጥም። አጥፌ ከበሩ ሥር ካለው ጠንካራ ሳጥን ጎን ጋር አስይዘዋለሁ፤ ቦዲው ላይ በጣም ጠንካራው ቦታ እሱ ነውና። ዝገት ካለ ደግሞ ቀድሞ ተቆርጦ ይውጣ። ዝገት ላይ የተበየደ እግር እግር አይባልም።

መግጠሙ ላይ ሁሉንም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ቱቦው ጣሪያው ሥር ተጠግቶ ስለሚያልፍ የመጋጠሚያው የላይኛው ጎን አይደረስበትም። ብዙ ኬጅ እዚያ ጋ ግማሹ ሳይበየድ ይቀራል፤ ከታች ለሚያይ ሰው ደግሞ ሙሉ ይመስላል። መጋጠሚያ ዙሪያውን ሙሉ ነው መበየድ ያለበት። መፍትሔው ከእያንዳንዱ እግር ሥር ኬጁን ከፍ አድርጎ የሚይዝ የብረት ሳጥን መሥራት ነው። ሳጥኖቹ ቦታቸው ላይ እያሉ ሁሉንም ቱቦ ለክታችሁ በትንንሽ ነጥብ ብየዳ ያዙት። ከዚያ ሳጥኖቹን አውጥታችሁ ኬጁን ወለሉ ላይ አውርዱት። ከጣሪያው በታች ለበያጁ እጅ ቦታ ይከፈታል። የላይኛውን ጎን በይዳችሁ መልሳችሁ አንሱት፣ ሳጥኖቹን አስገቡና ጨርሱ።

የእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ የሌላውን ክብ እንዲያቅፍ ሆኖ ይቆረጥ። ክፍተቱን በብየዳ መሙላት መጋጠም አይባልም። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ግራ ቀኝ እያላችሁ በይዱ፣ አለዚያ ኬጁ ይጠማዘዛል። ብየዳውን በግራይንደር አታስተካክሉ፤ የሚላገው ጥንካሬው ነው። መኪናው ላይ ከመበየዳችሁ በፊት በትርፍ ቁራጭ ሞክሩና መሀሉን በመጋዝ ቁረጡት። ብየዳው ወደ ብረቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱ ያኔ ይታያል። ባትሪውንና ኮምፒዩተሩን ንቀሉ፣ የነዳጅ ጋኑን አውጡ፣ ማሸጊያውንና ቀለሙን እስከ ብረቱ አጽዱ። አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ አጠገባችሁ ይቁም።

ሄልሜት ሊደርስበት የሚችል ቱቦ ሁሉ በተፈቀደለት ጠንካራ መከላከያ ይሸፈን። ለስላሳ የቧንቧ መሸፈኛ አይበቃም፤ ጭንቅላት ሲመታው ሙሉ በሙሉ ይጨመቅና ብረቱ ይቀራል። በዚሁ ምክንያት ሙሉ ኬጅ የገባለትን መኪና ያለ ሄልሜት መንገድ ላይ አትንዱ። በትንሽ ግጭት እንኳ ባዶ ጭንቅላት ከብረት ቱቦ ጋር ይገናኛል።

መጋጠሚያ ቁራጮችን ይዤ መጥቻለሁ፤ መሀላቸው የተቆረጠ ነው። ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡና እያያችሁ ጠይቁኝ።