ሙከራ የተሠራበት ልጅ፦ ጆን ስቱዋርት ሚል ሐሳቡን እንዴት ቀየረ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። እስቲ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡልኝ። ሦስት ዓመት! አፉን በደንብ ያልፈታ ልጅ። ይሄ ልጅ ግን አባቱ በካርድ ላይ የጻፈለትን የግሪክኛ ቃላት እየሸመደደ ነው። በስምንት ዓመቱ ላቲን ጀመረ። የተማረውን ደግሞ መልሶ ለታናናሾቹ ያስተምራል። እረፍት የለም፣ እኩያ ጓደኛም የለም። አባትየው ጄምስ ሚል፣ ትክክለኛ ማለት ለብዙ ሰው ብዙ ደስታ የሚያመጣው ነው ከሚለው ከፈላስፋው ወዳጁ ከጄረሚ ቤንታም ጋር ሆኖ፣ ሰውን በትክክለኛ ትምህርት እንደፈለጉ መቅረጽ ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ሞከረው፤ በገዛ ልጁ ላይ።

ልጁ፣ በኋላ ታዋቂ እንግሊዛዊ ፈላስፋ የሆነው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። የተወለደው በ1806 ለንደን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤንታምን ባለፈው ቪዲዮ ስላየነው አልደግመውም፤ ያላያችሁ ሊንኩ ከታች አለላችሁ።

እና በ1826፣ ሃያ ዓመቱ ላይ፣ ሚል ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ። ኅብረተሰቡን ለማሻሻል የምትታገልለት ለውጥ ሁሉ ዛሬ፣ አሁን ቢሳካልህ ደስ ይልሃል? ልቡ "አይ" አለው። በቃ፣ ወራት ጨለመበት። ጭንቅላቱ ይሠራል፣ ስሜቱ ግን ደርቋል። አንድ ቀን የአንድ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ትዝታዎች እያነበበ፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ለቤተሰቡ "እኔ አለሁላችሁ" የሚልበት ቦታ ሲደርስ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ማልቀስ መቻሉ ነው ሸክሙን ያቀለለለት። በ1828 ደግሞ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የዎርድስዎርዝን ግጥሞች አገኘና ለደረቀው ስሜቱ መድኃኒት ሆኑት።

አሁን እኔ የምወደው ቦታ ደረስን። ብዙ ሰው "ሚል አባቱን ካደ፣ ቤንታምን ጣለ" ይላል። አልጣለም! እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ቡሃቃውን ሙልጭ አድርጋ አታጥበውም። ከሥር ትንሽ ሊጥ ታስቀራለች። እርሾ። በማግስቱ አዲስ ዱቄት ይገባል፣ አዲስ ውኃ ይገባል፤ ያቺ የትናንትናዋ ጭላፊ ከሌለች ግን ሊጡ አይነሳም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እርሾውም ቢሆን አዲስ ዱቄት ሳያገኝ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ መጨረሻው መደፋት ነው። ሚልም እንደዚያ ነው። ማንኛውንም ነገር "ማስረጃው የታል?" ብሎ መጠየቅ፣ እሱ የአባቱ እርሾ ነው። አዲሱ ዱቄት ግጥሙ ነው፣ ስሜቱ ነው፣ በ1830 ከተዋወቃት፣ በኋላም ሚስቱ ከሆነችው ከሃሪየት ቴይለር ጋር ለዓመታት ያደረገው ክርክር ነው። ሐሳብ መቀየር ማለት ለኔ ይሄ ነው። ቡሃቃውን መስበር አይደለም።

ወደ ሳይንሱ። በ1843 ስለ ሎጂክ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። መንስኤን ለማግኘት አምስት ዘዴዎች፦ የሚመሳሰለውን እይ፣ የሚለየውን እይ፣ አብሮ የሚለዋወጠውን እይ እያለ ይሄዳል። ዋናው ነገር፣ የሰው ጠባይና ኅብረተሰብም በሳይንስ ሊጠኑ ይችላሉ ብሎ ያምናል። ለዚህም ነው ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከኦጉስት ኮምት ጋር ከ1841 ጀምሮ መጻጻፍ የጀመረው። ወዶት ነበር፣ ሲቸገር ገንዘብ እንኳ አፈላልጎለታል። ኮምት ግን የሴቶች የበታችነት በሥነ ሕይወት የተረጋገጠ ነው አለ። ሚል አልተዋጠለትም። ሴቶች ተዘግቶባቸው ነው ያደጉት፣ በሩ ሳይከፈት የተፈጥሯቸውን ልክ ማን አየው? በ1859 ስለ ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ኮምት ያቀደው ማኅበራዊ ሥርዓት ኅብረተሰብ በግለሰብ ላይ የሚጭነው አምባገነንነት ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሳይንስን አልጠላም። ሳይንስ የሰውን ሕይወት ልቅረጽ ሲል ግን ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ተቀርጾበታላ!

እዚህ ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ "ነፃነት ማለት እንግዲህ ስድነት ነው" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አይደለም፣ ወዳጆቼ፣ አይደለም። የሚል መርህ፣ ሰው ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ ማንም ሊያስገድደው አይገባም የሚል ነው። እሱ ራሱ ምሳሌ ይሰጣል። "እህል ነጋዴዎች ድሃውን አስራቡት" የሚል ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ማንም ሊነካው አይገባም። ይህንኑ ቃል በአንድ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ለተቆጣ ሕዝብ ብትጮኸው ግን ልትቀጣ ትችላለህ። ቃሉ ያው ነው፣ ጉዳቱ ግን ደጅ ላይ ቆሟል። ሌላ ደግሞ፣ ሰውዬው ሊፈርስ ወዳለ ድልድይ እየሄደ ነው፣ አላወቀም፣ ለማስጠንቀቅም ጊዜ የለም። ክንዱን ይዘህ ብትመልሰው ነፃነቱን አልነካህበትም፣ ወንዝ ውስጥ መግባት አልፈለገማ። ሚል ደግሞ የሚፈራው መንግሥትን ብቻ አልነበረም። ጎረቤትን፣ ዘመድን፣ "ሰው ምን ይለኛል"ን ይፈራል። እኛ ይሉኝታ የምንለው አለ አይደል? ማንም ሳያስርህ የሚያስርህ። ይሄን ክፍል ሳነብ ሁሌም ስለ እኛ ሰፈር የጻፈ ይመስለኛል። ይሄ ከገባችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለጓደኛም ላኩት።

የሚያበሳጨኝንም ልንገራችሁ። ይኸው ሰው ከ1823 እስከ 1858 ሕንድን ይገዛ በነበረው በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ተቀጥሮ ሠርቷል። እዚያው ነፃነት መጽሐፉ ውስጥ "ኋላ ቀር" ያላቸውን ሕዝቦች ከመርሁ ያወጣቸዋል። ለሴቶች "ማስረጃው የታል?" ያለ ሰው ለሕንዶች ሳይጠይቅ ቀረ። ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ለሴቶች ግን የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኖ ተሟግቷል። ሴቶችም እንዲመርጡ በ1867 የምርጫ ሕጉ ላይ "ወንድ" የሚለው ቃል "ሰው" ተብሎ ይቀየር አለ። አንድ ቃል! 73 ደገፉት፣ 196 ተቃወሙት።

ሃሪየት በ1858 ፈረንሳይ አገር አቪኞን ላይ ሞተችበት። መቃብሯ አጠገብ ቤት ገዛ። ስለ ነፃነት የጻፈውን መጽሐፍ ለእሷ መታሰቢያ አደረገው፣ ቃሉንም ከዚያ በኋላ አልነካካውም። በግንቦት 1873፣ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እንደ ንብና ጉንዳን ያሉ ነፍሳትን ከሚያጠናው ወዳጁ ከፋብር ጋር ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ ዕፅዋት ሲለቅም ዋለ።