ጉርጧ ከድፍን ድንጋይ ወጣች ሲባል

የተከበራችሁ የሳይንስና የታሪክ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ደጋግሞ የሚጻፍ አንድ ወሬ ነበር። ድንጋይ ፈላጩ አለቱን ለሁለት ሲከፍለው ከመሀሉ በሕይወት ያለች ጉርጥ ዘላ ወጣች ይባላል። አለቱ እጅግ ጥንታዊ ስለሆነ ጉርጧም ያን ሁሉ ዘመን ያለ ምግብ ኖራለች ተብሎ ይደመደማል።

የኦክስፎርዱ የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም በክላንድ ነገሩን በሙከራ ፈተሸው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1825፣ 24 ጉርጦች እየመዘነ በሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ውስጥ ዘጋባቸው። አንደኛው አየርና ውሃ የሚያሳልፍ የኖራ ድንጋይ፣ ሁለተኛው ጥቅጥቅ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነበር። በየድንጋዩ 12 ጉድጓድ ተፈልፍሏል። ወርዳቸው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀታቸው በኖራ ድንጋዩ 30፣ በአሸዋ ድንጋዩ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የየጉድጓዱ አፍ በክብ መስታወት ተከደነ፤ መስታወቱ እንዳይሰበር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረበበት፤ ዙሪያው ጋን እንደሚመረግ በለስላሳ ጭቃ ተመረገ። ድንጋዮቹም አንድ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት በአትክልት ቦታው ተቀበሩ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1826 ሲወጡ በአሸዋ ድንጋዩ ያሉት 12ቱም ሞተው በስብሰዋል። በኖራ ድንጋዩ ደግሞ ትንንሾቹ ሞተው ከትልልቆቹ አብዛኞቹ ተርፈዋል። የሚገርመው ግን ከተረፉት ሁለቱ ክብደት ጨምረው መገኘታቸው ነው! በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ምን በልተው? የአንደኛዋ መስታወት ተሰንጥቆ ነበር፤ ጥቃቅን ነፍሳት ሊገቡበት ይችላሉ። የሌላዋ መስታወት ደህና ነበር፤ ምርጉ ግን ክፍተት ይኑረው አይኑረው በወቅቱ በደንብ አልታየም። ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው እንኳ ምርጉን ሳያይ አለፈው። የተረፉት እንደገና ተዘጋባቸው፤ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ሁሉም አለቁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዘገባ ስታገኙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ስንጥቁን ነው። ከውሃ ገና የወጣች ጉርጥ ርዝመቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቀጭን ስንጥቅ ገብታ፣ የሚገቡትን ነፍሳት እየበላች ታድግና መውጫው ይጠብባታል። መዶሻው ሲያርፍ ድንጋዩ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዚያው በደካማው መስመር ስለሆነ ስንጥቁ ከስብራቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ፈላጩም ሳይዋሽ «ድፍን ነበር» ይላል። የተሰበረውን ገጽ በአጉሊ መነጽር እዩት። አዲስ ስብራት ንጹሕና ብሩህ ነው፤ የቆየ ስንጥቅ ግን አፈር፣ የዝገት ቀለም ወይም የሥር ክር ይዞ ይገኛል። ጉርጧ የተኛችበት ጎድጓዳ ቦታም የአካሏን ቅርጽ መያዝ አለመያዙን ለኩ። ጉርጧ ስትዘል እንጂ ከጎድጓዳው ስትነሣ ያየ ሰው ከሌለ፣ ከድንጋዩ ሥር የተደበቀች ልትሆን ትችላለች።

ማታለልም አለ። በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ በቡዝ ሙዚየም በባልጩት ድንጋይ ውስጥ የደረቀች ጉርጥ አለች፤ ያቀረባት ቻርልስ ዳውሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ይፋ የሆነው የፒልትዳውን «ጥንታዊ ሰው» የተባለው የራስ ቅል ቅሪትም ከእሱ እጅ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። ያቀረበውን ሰው የቀድሞ ሥራ ማየት የምርመራው አካል ነው።

ሁለቱም የድንጋዩ ግማሾች ካልተቀመጡ ግን ዘገባውን «ያልተመረመረ» ብላችሁ መዝግቡት፤ «እውነት» ወይም «ውሸት» አትበሉት።

አመሰግናለሁ።