ከስኮላርሺፑ በፊት ጥያቄው

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡልኝ ጥያቄ «የትኛው አገር ስኮላርሺፕ ይሰጣል?» የሚል ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰው ልጅ በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ ዓለምን እንዴት እንደሚረዳ ለሚመረምረው ዘርፍ፣ ማለትም ለፐርሴፕሽን ጥናት፣ ከአገሩ በፊት የራስ ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1688 ዊልያም ሞሊኖ የተባለ አየርላንዳዊ ለፈላስፋው ጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈ። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ኳስንና ባለ ስድስት ገጽ ኩብን በመዳሰስ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ዓይኑ ቢበራለት ሳይነካቸው ሊለያቸው ይችላልን? የሞሊኖ ባለቤት ራሷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች ነበረች፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእሱ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ከ300 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቹ ከተወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ሆነው ሕንድ ውስጥ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያገኙ ልጆችን ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ፦ ልጆቹ ማየት እንደጀመሩ በእጃቸው ያወቁትን ቅርጽ በዓይናቸው መለየት ተሳናቸው፤ ዳግመኛ የተፈተኑት ግን በቀናት ውስጥ ተሻሽለው ተገኙ።

ይኸው የምርምር መስመር ወደ እኛም ደርሷል። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዓይን ሞራቸው ዘግይቶ የተነሣላቸውን ኢትዮጵያውያን ልጆች አጥንተው በ2015 እንዳሳተሙት፣ ልጆቹ በቀለም፣ በመጠን ወይም በቀላል ቅርጽ ከሌሎቹ የተለየውን ምስል ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ከብርሃንና ከጥላ አወራረድ ተነሥቶ የነገሩን ቅርጽ መረዳት ግን ከብዷቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1972 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩና ሥዕል ብዙም ላላዩ የመኢኒት ሰዎች በጨርቅ ላይ የታተሙ የእንስሳት ሥዕሎችን አሳይቶ ነበር፤ ብዙዎቹ እንስሳቱን ለይተዋል፣ አንዳንዶቹም ጊዜ ወስደው ክፍል በክፍል እየመረመሩ ነው የደረሱበት።

ልጆቹ ብርሃናቸውን አግኝተዋል፣ ሳይንሱም ተጠቅሟል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ ግን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ኢትዮጵያ ጎልታ የምትታየው መረጃ የሚሰበሰብባት ቦታ ሆና መሆኑ ነው። የድኅረ ምረቃን ዕድል የማየው ከዚህ አንጻር ነው፤ የሚፈተነውን ልጅ ቋንቋና ቤተሰብ የሚያውቅ ተማሪ፣ ፈተናውን ራሱ ሲነድፍ፣ የውጭ ሰው የማያስበውን ጥያቄ ሊያስብ ይችላል።

«እኛ ዘንድ መሣሪያ የለም» የሚለው ምክንያት ለአንጎል ምስል ጥናት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለፐርሴፕሽን ጥናት በአጠቃላይ ግን አይመስለኝም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ጉስታቭ ፌክነር በ1860 ያሳተመው የሳይኮፊዚክስ፣ ማለትም በውጪው ነገር መጠንና በሰው ስሜት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚለካ ዘርፍ፣ ሥራ የተመሠረተው ክብደትንና ብርሃንን እየለዋወጡ «ልዩነቱ ይታወቅሃል?» ብሎ በሥርዓት በመጠየቅ ላይ ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን በኮምፒውተር ለማዘጋጀት የሚያገለግለው ሳይኮፓይ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ ላፕቶፕና ጸጥ ያለ ክፍል ካሉ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ፈቃደኛ አማካሪ ማግኘቱ ከመሣሪያው ይልቅ ሊከብድ ይችላል።

ስለ አገሮቹም በአጭሩ ልበል። በጀርመን የዶክትሬት ቦታ ብዙውን ጊዜ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ በደመወዝ የሚቀጠሩበት ነው፤ በአሜሪካ ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለውን ይቀበላሉ፣ ማመልከቻቸውም በአብዛኛው ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል፤ በብሪታንያ መግቢያውና ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይፈለጋሉ። በሦስቱም ዘንድ ለአማካሪ የሚላከው ኢሜይል ከረዥም የሕይወት ታሪክ ይልቅ አንድ ጥያቄና እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ቢይዝ ይመረጣል።

እኔ ዘንድ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ። በ33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ቅርጾች ውስጥ ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው፤ ታዲያ ፊደሎቹ በገጽ ላይ ሲጠጋጉ፣ ማንበብ በጀመረ ልጅ ዓይን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው የትኛው ምልክት ነው? ይህን ለመመረቂያው መውሰድ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የእኔን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።