ነርቭ የሚያሟሟው የትኛው ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወሬዬ የሥራ ነው። የጥርስ ሐኪም ያልሆናችሁም ግን ቆዩ፣ አንድ ቀን ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ውስጥ ያለውን ነርቭ አውጥቶ፣ አጽድቶ መሙላት) ሊሠራላችሁ ይችላል።

ታካሚዎች ወንበሩ ላይ ሆነው «ዶክተር፣ በረኪና ሸተተኝ እኮ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ቤት ነጭ ልብስ የምንዘፈዝፍበት በረኪና ውስጥ ያለው ያው ኬሚካል፣ ለህክምና ተለክቶ የተዘጋጀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዳኪን የሚባል ኬሚስት 0.5 በመቶውን የወታደሮች ቁስል ማጠቢያ አድርጎት ነበር።

ለምን ያስፈልጋል? ፋይል፣ ማለትም የሥሩን ውስጥ የምንፍቅበት ቀጭን መሣሪያ፣ ሁሉም ቦታ ስለማይደርስ ነዋ። የጥርስ ሥር ውስጡ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ይጣመማል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በማይክሮ ሲቲ (ጥቃቅን ነገር አጉልቶ በሚያሳይ ራጅ) ሲታይ ከግድግዳው 35 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ፋይል ሳይነካው ይቀራል። እዚያ የተረፈውን ነርቭ የሚያወጣው ፈሳሹ ነው።

ታዲያ የትኛው ፈሳሽ? ክሎርሄክሲዲን 2 በመቶ ባክቴሪያ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሥጋ ግን አያሟሟም። ምንም። ኢዲቲኤ 17 በመቶ ፋይሉ ግድግዳው ላይ የለቀለቀውን የካልሲየም ብናኝ ያነሳል፣ ነርቩን ግን አይነካውም። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አረፋው ያምራል፣ ሥራው ትንሽ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያሟሟል፣ ግን ቀናት ይፈልጋል፤ በሁለት ቀጠሮ መሃል ውስጥ ከተተወ በኋላ ለሚመጣው በረኪና ሥራ ያቀልለታል። እንግዲህ ወንበሩ ላይ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነርቭ የሚያሟሟ ስንል በተግባር ያለን አንድ ነው፤ በረኪናው።

ክርክሩ የሚጦፈው የበረኪናው መቶኛ ላይ ነው። 5.25 ይሁን፣ 2.5 ይሁን፣ 1? እኔ ይሄ ክርክር ከሚገባው በላይ ተጋኗል ባይ ነኝ። 45 ዲግሪ ድረስ የሞቀ 1 በመቶ፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለውን 5.25 በመቶ ያህል ነርቭ እንደሚያሟሟ በላብራቶሪ ታይቷል። የወጣ ነርቭ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ጠብታ ጣሉበት፤ ዙሪያውን አረፋ ይይዛል፣ ጠርዙ ይሟሟል፣ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ቀስ ይላል። ክሎሪኑ እያለቀ ነው። ፈሳሹን ቀይሩት ወይም አነቃንቁት፣ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠንካራውን ጨምሮ ከመጠበቅ፣ መካከለኛውን ቶሎ ቶሎ እያደሱ በአልትራሳውንድ ማንቀሳቀስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ማደባለቅ ደግሞ አይሆንም። ኢዲቲኤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪኑን ይበላበታል፣ የማሟሟት አቅሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነው ቦታው። ክሎርሄክሲዲን ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል፣ የጥርሱን ቀለም ያበላሻል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። መሃል ላይ በሳላይን (በጨው ውሃ) እጠቡ።

ደግሞ እባካችሁ፣ መርፌው ሥሩ ውስጥ ተቀርቅሮ እያለ ሲሪንጁን በኃይል አትግፉ። በረኪናው ከሥሩ ጫፍ ካለፈ የሞተ ነርቭና የሰው ሥጋ አይለይም፤ ታካሚው ወዲያው ይጮሃል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ይበልዛል። በጎን ቀዳዳ ያለው መርፌ፣ ከሥሩ ጫፍ ወደኋላ መለስ ተደርጎ፣ ቀስ እየተባለ፣ ራበር ዳም (ጥርሱን ከአፍ የሚለይ የጎማ ሽፋን) ተደርጎ ብቻ።