ከውስጥ የወጡት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ዓረና ነው፤ ከሕወሓት የወጡ ሰዎች ስለመሠረቱት የትግራይ ተቃዋሚ ፓርቲ።

መጋቢት 1993 ላይ ሕወሓት ተሰነጠቀ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት አያያዝና አጨራረስ ያመጣው ልዩነት ፈንድቶ፣ አሥራ ሁለት የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ከድርጅቱ ወጡ። የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ገብሩ አሥራትና ወይዘሮ አረጋሽ አዳነ ከእነሱ መሀል ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ሁለቱ ከሌሎች ጋር ሆነው ዓረና ትግራይን መሠረቱ።

የእነዚህ ሰዎች ስም በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ «ሥልጣን ላይ ሳላችሁ የት ነበራችሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም እጠይቃለሁ። የማይዋጥልኝ ሰዎቹን አፍ ለማስያዝ ብቻ ሲነሳ ነው፤ መልሱን ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለማ።

የአቶ ስዬ አብርሃን ነገር ተመልከቱ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ፣ ከአሥራ ሁለቱም አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። ከክፍፍሉ በኋላ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብላ አዘዘች፤ ፖሊስ እዚያው ፍርድ ቤት በር ላይ መልሶ ያዛቸው። ፓርላማው ደግሞ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አጸደቀ። ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው ወጡ። በኋላ የገቡት አንድነት ፓርቲ ውስጥ ነው፤ ያቺው ዳኛ የመሠረተችው ፓርቲ! እኔ «የት ነበራችሁ» ለሚለው የማገኘው መልስ እዚህ ጋ ነው። ሥልጣን ላይ ሳሉ ነፃ ፍርድ ቤት አላቋቋሙም፤ ቀኑ ሲደርስ ከጎናቸው የቆመው ሕግን አክብራ የወሰነች አንዲት ዳኛ ብቻ ናት።

ዓረና ግን ከዚህም የከበደ ነገር ነበረበት። ትግራይ ውስጥ ሕወሓት ማለት ሕዝቡ ነው ተብሎ ኖሯል፤ እያንዳንዱ ቤት ሰማዕት አለው። እዚያ መንደር ገብቶ «ድርጅቱ ተሳስቷል» ማለት የሟቾቹን ደም መካድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከመሀል አገር የሄደ ፖለቲከኛ ይህን ቢል ማንም አይሰማውም። ገብሩን ግን፣ በረሃ የታገለውን ሰው፣ «አንተ ምን ታውቃለህ» ማለት አይቻልም። የዓረና ትልቁ ዋጋ ለኔ ይሄ ነው፤ ሕዝቡና ፓርቲው ሁለት ነገር መሆናቸውን ከራሱ ከታጋዩ አፍ ማሰማቱ።

ዋጋም አስከፍሏል። የካቲት 2002 የዓረና ዕጩ የነበረው አረጋዊ ገብረዮሐንስ ሽሬ ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። መንግሥት የግል ጠብ ነው አለ፤ ፓርቲው በፖለቲካው ምክንያት ነው አለ። ግንቦት ላይ በተደረገው ምርጫ የትግራይ 38 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ለሕወሓት ሆኑ።

ከክፍፍሉ በፊት የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ቢሆን በዝርዝር እንዲናገሩ እፈልጋለሁ። የትኛው እስር ሲወሰን እጃቸውን አወጡ? የትኛው ሕግ ላይ ዝም አሉ? የሚጠይቃቸው ጋዜጠኛ ካለ፣ አንድ ሰዓት ሳይሆን አሥር ሰዓት ይስጣቸው፤ እኔ ሁሉንም አዳምጣለሁ።